ነውር የለበትም ያልኩት ፈረስ

በ1966 ዓ.ም. የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበርኩ። ያን ዓመት የሠራሁትን ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አስካለ ታውቅ ነበር፤ እሷም ይዛው መቃብር ወረደች። ንስሐ አባቴ ፊት ስንቴ ተንበርክኬያለሁ። ጾም ገደፍኩ እላለሁ፣ ሰው ተሳደብኩ እላለሁ፣ የሰው ድንበር ገፋሁ እላለሁ፤ እዚህ ነገር ላይ ስደርስ ግን እዘለዋለሁ። ዛሬ አልዘለውም። ለአንዳንዱ ሰው በአፌ ነግሬዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው ላልደረስኩበት ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ማሳመር አልችልም፤ ብችልም ይህ የሚያምር ነገር አይደለም።

ያኔ አንድ ፈረስ ነበረኝ። መልኩ ዳማ ነው፤ ስሙንም ዳማ አልኩት። ከውርንጭላነቱ ጀምሬ ያሳደግሁት ነው። ጥምቀት ሲመጣ ጉግስ ላይ የሚቀድመው አልነበረም። ጉግስ ብቻ ግን አይምሰላችሁ። በመንደራችን ሰው ሲታመም መድኃኒት ፍለጋ መካነ ሰላም ከተማ የሚጋለበው እሱ ነው። ከገበያ እህል የሚጫንበትም እሱ ነው። ገለባ ብትሰጡት ገለባ ይበላል። ጭቃ ቢሆን፣ ገደል ቢሆን፣ እንቢ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አልጣለኝም።

እኔ ግን የምመኘው ሌላ ነበር። የአያ እንድሪስን በቅሎ።

አያ እንድሪስ ጎረቤቴ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ይላል። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ በዓል በመጣ ቁጥር እየተጠራራን ነው የኖርነው። በቅሎዋ አባቱ ሲሞቱ የተዉለት ናት፤ ቡላ ሰጋር። ስትሰግር ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይዛችሁ ብትቀመጡባት አይፈስም። አንገቷ ላይ ሻኩራ አለ፤ ሻኩራው ሲንሿሿ ገበያተኛው መንገድ ይለቃል። ፈረስ ላይ ያለ ሰው ጎረምሳ ይመስላል፤ ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ግን ጌታ ይመስላል። እኔ ጌታ መምሰል ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኝም። ጭሰኛ ነበርኩ፣ ጌታ መምሰል አማረኝ፣ በቃ።

ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። «አያ፣ ዳማውን ውሰድና ቡላዋን ስጠኝ» ስለው ይስቃል። «አንተ ቀውላላ፣ እሷ ላይ ስትቀመጥ እግርህ መሬት እየነካ አብረሃት ልትሄድ ነው?» ይለኛል። ቁመቴ ረጅም ነበር ያኔ። አብሬው እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። በልጉ ቀረ፤ የክረምቱም ዝናብ ነካክቶን ሄደ። ምኑን እነግራችኋለሁ፤ ያየ ያውቀዋል። የአያ እንድሪስ ሚስት አራስ ነበረች፤ መዲና የምትባለውን የመጨረሻ ልጃቸውን ወልዳ ጡቷ ደርቋል። የሚስቱ ወንድም ከአባይ ማዶ፣ ጎጃም ውስጥ አለ፤ «ማሽላ አለኝ፣ ኑና ውሰዱ» ብሎ ላከባቸው። መሄዱስ ይኬዳል፤ በምን ይጫናል? ቡላዋ ጭነት አታውቅም። ስልቻ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ዘላ ትጥላለች፤ ገብስ ካልቆረጠመችም ጉልበት የላትም። የአባይን በረሃ ወርዶ ተጭኖ የሚወጣ ከብት በአካባቢው የቀረው ዳማ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ደጄ መጣ። «ተሰማ፣ ዳማውን አውሰኝ» አለኝ። «ማዶ ደርሼ ልምጣ። ከማመጣው ላንተም አካፍልሃለሁ።»

አውሰኝ ነው ያለኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። ስጠኝ አላለም፤ ሽጥልኝ አላለም። ጎረቤት ጎረቤቱን አውሰኝ ነው ያለው።

እኔ ምን አልኩ? «ውሰት የለም። ልውውጥ ከሆነ ግን ዛሬውኑ» አልኩት።

አየኝ። የምቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

«በዚህ ጊዜ?» አለኝ።

«በዚህ ጊዜ» አልኩት።

ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ይብሳል።

በእኛ አገር የጋማ ከብት ሲሸጥም ሲለወጥም ሽማግሌ መሐል ይቆማል። ባለቤቱ እጁን ከብቱ ጀርባ ላይ ያሳርፍና ነውሩን ይናገራል። የሚራገጥ ከሆነ ይራገጣል፣ የሚነክስ ከሆነ ይነክሳል ይላል። የተነገረ ነውር ከብቱን አያስመልስም፤ ተነግሮሃላ! ያልተነገረ ነውር ከተገኘ ግን ልውውጡ ፈረሰ፣ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይገባል።

ሽማግሌው አባ ሙሄ ነበሩ። መጀመሪያ አያ እንድሪስ እጁን ቡላዋ ላይ አደረገ። «ጭነት አትችልም» አለ፤ «የጅብ ድምፅ ከሰማች ትደነብራለች፤ ግራ ጆሮዋን መነካት አትወድም፤ ውሃ ስትጠጣ ከቸኮሉባት ትታ ትሄዳለች።» ያለባትን ሁሉ ዘረገፈው። ልጁን የሚድር ነበር የሚመስለው።

ዳማውም አንድ ነውር ነበረበት። ከእኔ ቤት ሌላ አያድርም። በገመድ ካሰሩት ቋጠሮውን በጥርሱ ይፈታና ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከላላ የሚባል አገር ድረስ ለሠርግ አውሼው፣ ሙሽራው ከመኝታው ሳይነሣ እሱ እኔ ደጅ ላይ ቆሞ አግኝቼዋለሁ። መላው ቀላል ነው። ማታ እግር ብረት ካስገቡለት እንደ በግ ተኝቶ ያድራል። እግር ብረቱም እቤቴ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል።

ማታ በብረት እሰረው። ይህን ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ብል ግን አያ እንድሪስ «እንግዲያው ልውውጡ ይቅርና አውሰኝ» የሚል መሰለኝ። ቡላዋ ከእጄ የምትወጣ መሰለኝ።

«አንተሳ፣ ልጄ?» አሉኝ አባ ሙሄ።

እጄን ዳማው ጀርባ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። ዞሮ ትከሻዬን አሸተተኝ።

«ነውር የለበትም» አልኩ።

አያ እንድሪስ ዳማውን ይዞ ቁልቁል ወደ በረሃው ወረደ፤ እኔ ቡላዋን ኮርቻ ጭኜ መካነ ሰላም ገበያ ወጣሁ። ሻኩራዬን እያንሿሿሁ ገባሁ። ገበያው ላይ እህል የለም፤ ሰው ብቻ ነው ያለው፣ አጥሩን ተደግፎ የተቀመጠ። መንገድ የለቀቀልኝ አልነበረም። እንዴት ቢንቁኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ለመነሣት አቅም እንዳልነበራቸው የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ያኔ ግን ተናደድኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ጠዋት በሬን ስከፍት ዳማው ቆሟል። ገመዱ አንገቱ ላይ ይጎተታል፤ አልተበጠሰም፣ ተፈትቷል። ጭቃው ሆዱ ድረስ ነው። ጀርባው ላይ የጭነቱ ላብ ደርቆ ምልክት ሠርቷል። ሁሉም ወዲያው ገባኝ። አያ እንድሪስ ማዶ ደርሷል፤ ጭኗል፤ አባይን ወዲህ ተሻግሯል፤ መሽቶበት ጭነቱን አውርዷል፤ ፈረሱን በገመድ አስሮ ተኝቷል። አሁን እዚያ በረሃ ውስጥ ስልቻዎቹን ታቅፎ ፈረስ እየፈለገ ነው።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ልጓም አግብቼ ቁልቁል መጋለብ ነዋ! ከቀትር በፊት እደርስበት ነበር። እህሉም ይገባ ነበር። ብደርስበት ግን ምን ይጠይቀኛል? «እንዴት ወዳንተ መጣ?» ይለኛል። ነውሩ ይወጣል። አባ ሙሄ ይጠራሉ፤ ቡላዋም ትመለሳለች።

ዳማውን ወደ ውስጥ ስቤ በሩን ዘጋሁት።

አስካለ አበደች። «አንተ! ሰውዬው በረሃ ላይ ቀረ እኮ!»

«ዝም በይ።»

«አራስ ሚስቱ አለች፤ ያቺ ሕፃን…»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

«ለበቅሎ ነው? ያቺ በቅሎ ገደል ትግባ!»

እጄን አነሣሁባት። ይህንንም አብራችሁ ቁጠሩልኝ።

አያ እንድሪስ በሦስተኛው ቀን ወጣ። እቤቱ ሳይገባ መጀመሪያ እኔ ደጅ ነው የመጣው። አንዱን ስልቻ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ መጫኛውን በደረቱ አዙሮ፣ ጎብጦ አጥሬን ተደግፎ ቆመ። ያን የአባይን ዳገት፣ ፈረስ የሚያለቅስበትን፣ በእግሩ ተሸክሞ ወጥቶታል። ሌላኛውን ስልቻ ከድንጋይ ሥር ደብቆት ነው የመጣው፤ ኋላ ሰው ይዞ ሲመለስ አላገኘውም።

«አውርደውና ተቀመጥ» አልኩት።

«አላወርደውም። ካወረድኩት አላነሣውም» አለኝ። ከዚያ ቀና ሊል ሞከረና አቃተው። እንደጎበጠ ከታች ወደ ላይ እያየኝ፣ «ተሰማ፣ ዳማውን ጣልኩብህ» አለ።

በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት።

«በገመድ አስሬው ነበር፣ ወላሂ። ተኛሁና ጠፋ። አንዱን ቀን ሙሉ ገደል ለገደል ስጠራው ዋልኩ። ጅብ ሳይበላው አልቀረም። ያንተ ባይሆንም ያሳደግኸው ነው፤ እንደ ልጅህ ነበር። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ይህን ሲል ዳማው ድምፁን ሰምቶ ነው መሰል ውስጥ መሬቱን መታው። አንዴ፣ ደገመ። አስካለ ምን አደረገች መሰላችሁ? ዘነዘናውን አንሥታ ሙቀጫውን መደብደብ ጀመረች። ባዶ ሙቀጫ! በቤታችን የሚወቀጥ ፍሬ አልነበረም።

አያ እንድሪስ ጆሮውን ቀሰረ። ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ «እናንተ እንኳ የምትወቅጡት አላችሁ።»

ደስ አለው። ከልቡ ደስ አለው። ቆሜ አየሁት።

«አውፍ በለኝ እንጂ፣ እንድሄድ» አለኝ።

«አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት።

አውፍ አልኩት። እኔ፣ እሱን። ፈረሱን በጓዳዬ ዘግቼበት፣ በሠራሁት በደል ይቅር አልኩት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንዳትረሱብኝ። እሱም መርቆኝ ሄደ። በማግስቱ ትልቋ ልጁ በሳህን የማሽላ ንፍሮ ይዛልን መጣች፤ አካፍልሃለሁ ብሎ የለ! በላሁት። አስካለ አልነካችውም፤ እኔ ግን በላሁት።

ዳማውን ደጎሎ ገበያ ወስጄ ለሩቅ አገር ነጋዴ ሸጥኩት። በጭነት መኪና ነው የወሰደው፤ እኔም የፈለግሁት እንዳይመለስ ነበር። ሰውዬው «ነውር አለበት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማታ በብረት እሰረው» አልኩት። እስካሁን የሚገርመኝ ይህ ነው። ለማላውቀው ሰው እንዴት ቀለለኝ?

ቡላዋም አልበረከተችልኝ። በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ፤ መሬት ላራሹ ተባለ፤ ዘማች ተማሪዎች መጡ። ስብሰባ ተጠራና አንዱ ጎፈሬ ወጣት ጣቱን ቀሰረብኝ። «ሰጋር በቅሎ የሚቀመጠው ይህ ባላባት ማነው?» አለ። ሳቁ! እኔ ባላባት! ጭሰኛ ነኝ ብል ማን ይስማኝ? ጌታ መምሰል አምሮኝ የለ፤ መስዬ ተገኘሁ። ሊያስሩኝ ሲነሡ ከኋላ አንድ ሰው በምርኩዝ ተነሣ። አያ እንድሪስ ነው።

«ባላባት አይደለም» አለ። «በቅሎዋን ከእኔ በልውውጥ ነው ያገኛት። እውነተኛ ሰው ነው። ያሳደገውን ፈረስ ጠፋብኝ ብለው አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር አውፍ ያለኝ ሰው ነው።»

ለቀቁኝ። በቅሎዋን ግን የገበሬ ማኅበሩ ወሰዳት። ኋላ ሊቀመንበሩ ሲቀመጥባት አየሁት፤ እሱ አጭር ስለነበር አምሮበታል።

ያ ስልቻ አያ እንድሪስን አጉብጦት ቀረ። ወገቡ ዳግም አልቀናም። ሰዉ በረሃብ ጊዜ ነው የጎበጠው ይላል። ልጆቹ ግን ተረፉ፤ ያቺ አንድ ስልቻ አወጣቻቸው። መዲናም አደገች፣ ተዳረች፣ ወለደች። እኔ እሱን መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር እንደዚያ ቀን ከታች ወደ ላይ እያየ፣ «ተሰማ፣ ደኅና ነህ ወይ፣ ከብትህ ደኅና?» ይለኛል። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እላለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ፣ መኸር ሲገባ፣ ልጄ ሲዳር። ግትር ነኝ፤ ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል። ግትርነቴ ግን ለዝም ማለት ብቻ ነው የሠራው። ሽበት አወጣን፤ ዘመን ተለወጠ፤ ዘንድሮ እሱ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ተቀምጫለሁ። መዲና ውሃ ይዛልኝ መጣችና ለተቀመጠው ሰው ሁሉ፣ «አባባ ተሰማን ታውቋቸዋላችሁ? አባቴ እስኪሞት ሲያመሰግናቸው የኖሩ ናቸው» ብላ የፈረሱን ታሪክ ጀመረች። ሰዉ አንገቱን እየነቀነቀ ያየኛል።

ለቀስተኛው ሲበተን ወደ ጓዳ ጠራኋትና ነገርኳት። ሁሉንም፤ እግር ብረቱን፣ ሙቀጫውን፣ ንፍሮውን። አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። እንዲህ አለችኝ፦

«አውፍ ማለት የእኔ አይደለም። የአባቴ ነበር፣ እሱም የለም። እርስዎ ደግሞ ይኸው በጓዳ ነገሩኝ። አባቴ እርስዎን ያመሰገነው በአደባባይ ነው።»

ትታኝ ወጣች። ልክ ናት። ያን ማታ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ተነሣሁና አሮጌ ስልቻ ፈልጌ ማሽላ ሰፈርኩበት፤ የምችለውን ያህል ነው፣ አርጅቻለሁ። ጀርባዬ ላይ አዝዬ መጫኛውን በደረቴ አዞርኩት። ልጄ «አባባ፣ አበዱ እንዴ? ባጃጅ ልጥራ» አለኝ። «ከፊቴ ዞር በል» አልኩት። ቀኑ የገበያ ነው። መሐል ለመሐል ገባሁ።

«አባ ተሰማ፣ ምነው አህያ ጠፋ?» አለኝ አንዱ ነጋዴ።

«የጠፋው ፈረስ ነው» አልኩት፤ «ቁምና ስማ።»

ቆሞ ሰማ። ሌላው «ምንድን ነው?» አለ፤ ለእሱም ነገርኩት። «ያውርዱትና ተቀምጠው ይንገሩን» ሲሉኝ «አላወርደውም» አልኩ። አንዲት እህል ሻጭ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበሩ? ሰውዬው ሲሞት ነው ትዝ ያለዎት?» ብላ ሰደበችኝ። «አዎ፣ ሲሞት ነው» አልኳት። የሳቀም ነበር፤ ምራቁን የተፋም ነበር። ትከሻዬ እየተላጠ፣ ደረቴ ግን እየቀለለኝ ሄደ። ከጎልማሳነቴ ወዲህ እንደዚያ አየር ስቤ አላውቅም።

የመዲና ደጅ ስደርስ ከኋላዬ ሰው ተከትሎኝ ነበር። እሷ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ሰዉን አየች፤ ቀጥሎ እኔን። ቀና ልል ብሞክር አቃተኝ፤ ከታች ወደ ላይ ነው ያየኋት። አውፍ በይኝ አላልኳትም።

በኋላዬ ዞረች። ስልቻውን ከሥሩ ደገፈችልኝ።

«ያውርዱት» አለችኝ።

አወረድኩት።